ያቺ 2,400 ብር

ይድረስ ቤት ማከራየት ለጀመራችሁ ወጣቶች፣

ሰሞኑን አንድ ወጣት፣ እናቱ የተዉለትን ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች ሊያከራይ ነውና፣ «ጋሼ፣ ተከራይ ሲወጣ መጀመሪያ የተቀበልኩትን ብር መመለስ አለብኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ምን ብለህ ነው የምትቀበለው?» አልኩት። «ያው ቅድመ ክፍያ ነዋ» ሲለኝ ሃያ ዓመት የሆነው አንድ ወረቀት ትዝ አለኝ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ወረቀቱ የ1998 ነው። ሁለት ክፍል ሰርቪስ፣ ኪራዩ በወር 800 ብር። ከስምና ከአድራሻ ቀጥሎ ስለ ገንዘቡ ያለው ነገር አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ተከራይ የሦስት ወር ቅድመ ክፍያ ብር 2,400 ለአከራይ ከፍሏል።» ከሥሩ የሁለቱ ፊርማ፣ የሦስት ምስክሮች ፊርማ፣ አለቀ። አከራይዋ በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። በእሳቸው ልብ ያ ብር መያዣ ነው፤ በር ቢሰበር፣ የመብራት ዕዳ ቢቀር ከእሱ ይነሳል። ተከራዩም ከገባበት ወር ጀምሮ በየወሩ 800 ብር ይከፍል ስለነበር 2,400ዋ ሳትነካ ተቀምጣለች። በሁለተኛው ዓመት ሊወጣ ሦስት ወር ሲቀረው መክፈሉን አቆመ። ሲጠየቅ «ከፍያለሁ እኮ፤ ወረቀቱን እዩት» አለ።

ወረቀቱም ከእሱ ጋር ነበር። ቅድመ ክፍያ ማለት ቀድሞ የተከፈለ ኪራይ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ሰውዬው ሦስቱን ወር በሰላም ኖሮ ወጣ። ከወጣ በኋላ በሩ ተከፍቶ ሲታይ የምጣዱ ሶኬት ቀልጦ ግድግዳውን አጥቁሮታል፣ የሁለት ወር የመብራት ሂሳብ አልተከፈለም፣ ከሦስት ቁልፎች የተመለሰው አንድ ነው። ስለ ሶኬቱ ሲጠየቅ «ስገባም እንደዚሁ ነበር» አለ። ስለ መብራቱ «ከእኔ በፊት የነበረ ዕዳ ነው» አለ። ሁለቱንም ውሸት ነው ብሎ የሚሞግት አንድ መስመር እንኳ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። የርክክብ ዝርዝር የለም፣ የቆጣሪ ንባብ የለም፣ የቁልፍ ቁጥር የለም። ብልሹ ተከራይ ነበር ማለት ይቻላል። እኔ ግን ጥፋቱን የማየው በዚያች መስመር ነው። «ማስያዣ» የምትል አንዲት ቃል ብትኖርባት ክርክሩ አይነሳም ነበር።

ስለዚህ ሦስቱን ቃላት ለዩ። ቅድመ ክፍያ ኪራይ ነው፤ ተኖሮበት ያልቃል። ማስያዣ የተከራዩ ገንዘብ ነው፤ እናንተ ዘንድ ተቀምጦ ሲወጣ ጉዳቱና ዕዳው ተቀንሶ ይመለስለታል። ቀብድ ደግሞ ሌላ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው፤ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ አጠፌታውን ይመልሳል። ደላላ ቤት እያሳየ «ትንሽ ቀብድ ያዙ» ሲላችሁ 5,000 ተቀብላችሁ በማግስቱ የተሻለ ተከራይ ብታገኙ፣ 10,000 መመለስ ሊመጣባችሁ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ደላላ ጥቂት ነው። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚገዛውም ቅጽ ሦስቱን ቃላት አንድ ላይ ሲያምታታቸው አያለሁ።

መጠኑን በተመለከተ እንደ ድሮው ሦስትና ስድስት ወር መጠየቅ አይቻልም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድመ ክፍያን ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ገድቦታል። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ ከ2 ዓመት አያንስም፣ በ30 ቀን ውስጥ ቀርቦ ይመዘገባል፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ ከሚያወጣው አያልፍም። ከ2 ወሩ ላይ «ማስያዣ» በሚል ስም ሌላ 2 ወር መደረብ ሕጉን ማምለጫ ቀዳዳ መፈለግ ነውና አልመክርም። በ2 ወሩ ውስጥ ሆናችሁ አንዱን የመጀመሪያው ወር ኪራይ፣ ሌላውን ማስያዣ ብላችሁ ለየብቻ ጻፉት።

በባንክ መክፈሉ ለሁለታችሁም ደግ ነው። አንድ ነገር ግን ያስቸግራል፤ ተከራይ ብሩን በወንድሙ ወይም በጓደኛው ስልክ ይልካል። ከዓመት በኋላ «የጥር አልገባም» ስትሉ በማን ስም እንደገባ የሚያስታውስ አይኖርም። ሲላክ ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ የወሩ ስምና የክፍሉ ቁጥር ይግባ፤ «ጥር፣ ክፍል 2» ይበቃል።

አሁን ወደ ሶኬቱ ልመለስ፣ ምክንያቱም አከራይ ሁሉ የሚጣላው በመብራት ነው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይጠጋል። ብዙ ሰርቪስ ቤት ደግሞ ሶኬቱ ሁሉ በአንድ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ የተቀጣጠለ ነው። ምጣዱ ሲጋግር ፍሪጅና የውሃ ማፍያ አብረው ከተሰኩ ሽቦው ይሞቃል፣ የላላው የሶኬት ብሎን ጋ ይቀልጣል። መፍትሔው ለምጣድ ብቻ ወፈር ያለ፣ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ከነራሱ ብሬከር መሳብ ነው። እኚያ እናት ሶኬቱን እንጂ ሽቦውን አላስቀየሩም ነበርና ቀጣዩ ተከራይም ያንኑ ሶኬት አቃጠለው። ይህን ሳስብ ለዚያ ሰውዬ ትንሽ እፈርድለታለሁ።

ሂሳቡም እንዲሁ ነው። የመኖሪያ ቤት መብራት ታሪፍ በእርከን ይጨምራል፤ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ከ51 እስከ 100፣ ከ101 እስከ 200፣ ከ201 እስከ 300 እያለ። ሦስት ቤተሰብ እያንዳንዱ 90 ቢጠቀም ለየብቻ ሁለተኛው እርከን ላይ ነበሩ፤ በአንድ ቆጣሪ ግን 270 ሆነው አራተኛው ላይ ይወጣሉ። ከሦስቱ አንዷ በሳምንት ሁለቴ ሁለት ሁለት ሰዓት ብትጋግር ምጣዱ ብቻውን በወር 56 ይደርሳል። በሰው ቁጥር ወይም በክፍል እኩል አካፍሉ ሲባል አምፖል ብቻ የሚያበራው ቢያኮርፍ ፍርዱ ልክ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል ንዑስ ቆጣሪ አስገቡ፣ በየወሩ በአንድ ቀን አንብቡ፣ ጠቅላላውን ሂሳብ በንባቡ መጠን አካፍሉ።

ቁልፍ የምታስረክቡ ቀን ግማሽ ሰዓት ስጡት። እናንተ ልጆች ቡና ስትጠጡ ስኒው ሳይቀር ፎቶ ታነሳላችሁ፤ ቆጣሪውን ግን አታነሱም። የመብራቱንና የውሃውን ቆጣሪ ቁጥር፣ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ፣ የሽንት ቤቱን መቀመጫ፣ የሮቶውን ክዳን፣ የመስታወቱን ስንጥቅ ካለ በቅርብ አንሱ። ከዚያ በሁለት ቅጂ ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙ፤ «ቁልፍ 3፣ አምፖል 5፣ የመስኮት መስታወት 1 የተሰነጠቀ» እያላችሁ። ስንጥቁን የምትጽፉት ለእሱ ነው፤ ያን ጊዜ ሌላውን ያምናችኋል። በእርግጥ ያለ አንዲት ወረቀት አሥራ አምስት ዓመት ተከባብረው፣ ልጅ ተዳድረው የኖሩ አከራይና ተከራይ አውቃለሁ፤ ወረቀት ቢጻጻፉ ኖሮ ይቀያየሙ ነበር ብዬም አስባለሁ። እናንተ ግን ጻፉ።

ጳጉሜን እንዳትረሱ። ኪራይ በልማድ የሚቆጠረው በ12ቱ ወር ነው፤ አምስት ስድስት ቀኗ አትከፈልም። ድርጅት ወይም የውጭ ዜጋ ስታከራዩ ግን በፈረንጆቹ ወር ሊከፍሏችሁ ይችላሉና የቱ ዘመን አቆጣጠር እንደሆነ ውሉ ላይ ይግባ።

ለጠየቀኝ ልጅም መልሱ ይኸው፦ ማስያዣ ብለህ ከተቀበልክ ትመልሳለህ። በሚወጣበት ቀን የድሮውን ዝርዝር ይዛችሁ ቤቱን አብራችሁ ዙሩ፣ ቆጣሪውን አንብቡ። የመብራቱ ቢል ከወጣ በኋላ ስለሚመጣ ለእሱ የሚበቃውን ያህል ብቻ አቆይ፤ የቀረውን በዚያው ቀን በባንክ አስገባለት። ቢሉ ሲመጣ ፎቶውን ላክለት፣ ትርፉን መልስ። ቁልፎቹንም ቁጠር።