ልጄ አንድ ቦታ ላይ አፍጥጣ ትቀራለች

ጥያቄ፦ ልጄ 7 ሳምንት ሆናት። ዓይኗ አምፖል ወይም መስኮት ላይ ካረፈ ንቅንቅ አትልም። ከጎን አሻንጉሊት ባሳያትም ዞር አትልም፤ አንዳንዴ እንደውም እያፈጠጠች ታለቅሳለች። አሻንጉሊቱን ሳንቀሳቅሰው ዓይኗ እየዘለለ ነው የሚከተለው። አልፎ አልፎም ሸውረር ይላል። ምን ሆና ነው?

መልስ፦ አይዞሽ፣ በዚህ ዕድሜ የሚጠበቅ ነው። የዓይኗ ጡንቻዎች ይሠራሉ፤ ገና ያልበሰለው የሚያዛቸው አንጎል ነው።

አራስ ልጅ ዓይኑን በዋናነት የሚመራው ግንደ አንጎል ላይ ባለች ትንሽ ክፍል ነው። እሷ ደማቅ ነገር ወይም እንቅስቃሴ ከጎን ብቅ ሲል ዓይንን ወደዚያ ትወረውራለች። ካዩት ነገር ላይ ዓይንን ማንሳት ግን የላይኛው የአንጎል ክፍል እገዛ ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ የሚደርሰው ቀስ እያለ ነው። ለዚህ ነው ከ1 እስከ 2 ወር ያሉ ሕፃናት ያዩት ነገር ላይ ተጣብቀው የሚቀሩት። ስታለቅስ አምፖሉን ወዳው አይደለም፤ ደክሟት ዓይኗን ማንሳት አቅቷት ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ አቅፈሽ አዙሪያት። 4 ወር አካባቢ አብዛኞቹ በቀላሉ ይላቀቃሉ።

መዝለሉስ? የሚሄድን ነገር ሳይቆራረጡ ለመከተል አንጎል ፍጥነቱን አስቀድሞ መገመት አለበት። እሷ ገና አልቻለችም፤ ዓይኗ ወደኋላ ይቀርና ዘሎ ይደርስበታል። ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ እየለሰለሰ ይሄዳል። ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ሆነሽ ፊትሽን በጣም ቀስ አድርገሽ ወደ ጎን ውሰጂው፣ ከአሻንጉሊቱ ይልቅ አንቺን ትከተላለች።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ሌላ ነገር አለ። የአራስ ልጅ አንድ ዓይን ተሸፍኖ መስመር መስመር ያለው ምስል ፊቱ ላይ ሲያልፍ፣ ወደ አፍንጫው የሚመጣውን ይከተላል፤ ከአፍንጫው ወደ ጆሮው የሚሄደውን ግን መከተል ያቅተዋል። ሁለቱም አቅጣጫ እኩል የሚሆነው ከወራት በኋላ፣ የላይኛው አንጎል ሥራውን ሲጀምር ነው።

ሸውረር ማለቱም መጥቶ የሚሄድ ከሆነ እስከ 3 ወይም 4 ወር ችግር የለውም። አንዱ ዓይን ሁልጊዜ ከዞረ፣ ከ4 ወር በኋላም ካልተወ፣ ዓይኗ ያለማቋረጥ ከተንቀጠቀጠ ወይም 3 ወር ሞልቷት ፊትሽን ካልተከተለች የዓይን ሐኪም ይያት። ያለጊዜዋ ከተወለደች ወሩን መወለድ ከነበረባት ቀን ጀምረሽ ቁጠሪ። የዓይኗ ብሌን ነጭ መስሎ ከታየሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ውሰጃት።