ለኮራል ገንዳ የሚስማማው ዓሣ የትኛው ነው? ጥያቄና መልስ ከደብረ ብርሃን

ደብረ ብርሃን ላይ የባሕር ውሃ ገንዳ ካቆምኩ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። 300 ሊትር ነው፤ የሚበዛው ለስላሳ ኮራል (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ)፣ ጥቂቱ ድንጋያማ ኮራል ነው። ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ዓሣው ስለሆነ ዛሬ ጥያቄያችሁን ወዲህ በሉ ብያለሁ።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ ኮራል የማይነካውን ዓሣ በምን ልለየው? ሻጮች ስለ ሁሉም «ችግር የለውም» ነው የሚሉኝ።

አፉን አየው፣ ወንድሜ። የቢራቢሮ ዓሣ አፍ ሾል ብሎ ወጣ ያለ ነው፤ እንደ ወረንጦ የኮራሉን ፖሊፕ (ኮራሉ የተሠራባቸውን ጥቃቅን እንስሳት) አንድ በአንድ ይለቅማል። ትሪገርፊሽ ቀንድ አውጣና ሸርጣን የሚያደቅ ጥርስ አለው። ፓሮትፊሽ የበቀቀን ማንቁር በመሰለው አፉ ድንጋዩን ከነኮራሉ ይፍቀዋል። «ካጠገብኩት ይተዋል» የሚሉኝ አሉ። አይተውም፤ የተፈጠረበት ነው።

እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሳልጠይቅ አንድ ቢራቢሮ ዓሣ ገዛሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መብራቱን ሳበራ ዞአንተስ የሚባለው ኮራሌ እንዳለ ተጨብጦ አገኘሁት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ዓሣው ከአንዷ ፊት ይቆማል፣ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፣ ነጠቅ አድርጎ ወደ ቀጣይዋ ያልፋል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ እንዲሁ ሲያደርግ አየሁት። መልሼ ሰጠሁት፤ ኮራሉ ግን ለማገገም ወራት ፈጀበት።

ሌላም ልብ በል። ላየንፊሽ ኮራል አይበላም፤ አፉ የቻለውን ትንሽ ዓሣና ሽሪምፕ ግን ይውጣል። ስለዚህ ኮራሉን ይበላል ወይ ብለህ ስትጨርስ ጎረቤቱንስ ብለህ ጠይቅ።

ከደብረ ሲና፦ ገንዳዬ 100 ሊትር ነው። ምን ምን ላስገባበት?

ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ሮያል ግራማ፣ አንድ ጎቢ። እዚያ ላይ አቁም። ክላውንፊሽ ሲወለድ ሁሉም ወንድ ነው፤ ከጥንዱ የሚገነው ወደ ሴትነት ይለወጣል። ስለዚህ ሁለት ትንንሽ፣ በመጠን የሚበላለጡ ብትወስድ ሳይጣሉ ይጣመራሉ። አኔሞን (ባሕር ውስጥ የሚጠለሉበት ተናዳፊ እንስሳ) የግድ አያስፈልጋቸውም። ገንዳ ውስጥ የተፈለፈሉትን ፈልግ፤ ከባሕር ከተያዙት ይበልጥ ጠንካራ ናቸው፣ ምግብም አይመርጡም።

ጎቢውን ከፒስቶል ሽሪምፕ ጋር ካገኘኸው እንዳታልፈው። ሽሪምፑ ዓይኑ ደካማ ነው፤ ጉድጓድ ሲቆፍር አንድ አንቴናውን ዓሣው ላይ አሳርፎ ነው የሚሠራው። ዓሣው አደጋ ሲያይ ጅራቱን ያርገበግባል፣ ሁለቱም ወደ ጉድጓዱ ይገባሉ። እኔ ማታ ማታ እሱን ሳላይ አልተኛም።

አሞኒያና ናይትራይት (ከቆሻሻ የሚመጡት መርዞች) ዜሮ ሳይሆኑ ምንም እንዳታስገባ፤ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ከዚያ በኋላም አንድ በአንድ፣ በየመሐሉ ሳምንታት እየሰጠህ።

ከሸዋ ሮቢት፦ የአፋር ጨው እዚሁ በርካሽ አለን። በእሱ ማድረግ አይቻልም? ከወንዝ ያጠመድኩትስ ዓሣ?

ሁለቱም አይሆኑም። የወጥ ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከካልሲየም ነው፤ ማግኒዚየሙም በልኩ መኖር አለበት። ለገንዳ የተዘጋጀውን የባሕር ጨው በሊትር 35 ግራም ገደማ አድርገህ በጥብጥ፣ ጨዋማነቱን በሪፍራክቶሜትር ለካ። የወንዝ ዓሣ ጨው ውሃ ውስጥ ይሞታል።

ከመሐል ሜዳ፦ በእኛ ብርድ፣ መብራትም እየጠፋ፣ ይሆናል ብለህ ነው?

ይሆናል፤ ግን ዓሣውን ስትመርጥ ከፍታውንም አስብ። ይሄንን የቆላ ሰው አይነግርህም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ እናንተ ደግሞ ከእኛም ትበልጣላችሁ። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ስለሚያንስ ውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጨዋማ ውሃ ደግሞ ከወንዝ ውሃ ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው፤ ሲሞቅ ይብስበታል። ስለዚህ የውጭ መመሪያ 10 ዓሣ ይችላል ሲል እኔ 6 ላይ አቆማለሁ። እንደ ታንግ ያለ ቀኑን ሙሉ የሚዋኝ ትልቅ ዓሣም በትንሽ ገንዳ አላስገባም። የውሃው ገጽ ሁልጊዜ ይናወጥ።

መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የሚገድለው ብርዱ ሳይሆን የአየር እጥረቱ ነው። ባለ ባትሪ የአየር ፓምፕ ከሂተሩ (ከውሃ ማሞቂያው) እኩል የግድ ነው። ኅዳር ላይ በውርጩ ሌሊት መብራት ሄደብኝና የመንዝ ባና አውጥቼ የገንዳውን ጎንና ጎን ጠቀለልኩት፤ ለአየሩ ላዩን ክፍት ተውኩ። ከ25 ዲግሪ ተነስቶ ንጋት ላይ 22 ነበር። አንድም ዓሣ አልሞተብኝም።

ከአንኮበር፦ ማንዳሪን የሚባለውን ዓሣ በጣም ወድጄዋለሁ። ልግዛው?

እህቴ፣ አሁን አትግዢው። ኮራል አይነካም፣ ማንንም አያስቸግርም፤ ግን ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ ኮፔፖድ የሚባሉ ጥቃቅን ፍጥረታትን ሲለቅም ነው የሚውለው። አዲስ ገንዳ ውስጥ እነሱ ቶሎ ያልቁና ዓይንሽ እያየ ከስቶ ይሞታል። ገንዳሽ ቢያንስ አንድ ዓመት ይሙላው።

ከአታዬ፦ የቀይ ባሕር ዓሣ ብቻ ማርባት እፈልጋለሁ።

ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ኦርኪድ ዶቲባክ የቀይ ባሕር ብቻ ዓሣ ነው፤ ሐምራዊ፣ ከዘመዶቹ ሁሉ ጨዋው፣ በገንዳም የሚራባ። አረንጓዴ ክሮሚስም እዚያ አለ። የቀይ ባሕሩ ባለ ሁለት ቀበቶ ክላውንፊሽ ግን እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፣ ሲያድግም ቁጡ ነው። ሐምራዊው ታንግ ለኮራል ደግ ነው፣ አልጌ ያጸዳልሃል፤ ከ400 ሊትር በታች ግን ግፍ ነው።

ከዓለም ከተማ፦ ድዋርፍ ኤንጀል የሚባለው ትንሽ ዓሣስ፣ ኮራል ይነካል?

ዕጣ ነው። አንዱ ለዓመታት ምንም አይነካም፣ ሌላው በሳምንቱ ይጀምራል። የምትሳሳለት ኮራል ካለህ ተወው።

ከደብረ ብርሃን፦ ዓሣዬ ላይ ጨው የተነሰነሰ የመሰለ ነጭ ነጥብ ወጣ። የመዳብ መድኃኒት ልጨምርበት?

ኮራሉ ባለበት ገንዳ ውስጥ በፍጹም! መዳብ ኮራሉንም ሽሪምፑንም ቀንድ አውጣውንም ይጨርሳል። ዓሣዎቹን በሙሉ አውጥተህ ድንጋይም አሸዋም በሌለበት ማቆያ ገንዳ አክማቸው፤ ያልታመመ የሚመስለውንም አታስቀር። ትልቁ ገንዳ ለ2 ወር ተኩል ያለ ዓሣ ይቆይ፤ ነጥቡን የሚያመጣው ተባይ የሚያርፍበት ዓሣ ሲያጣ ይሞታል። ማቆያ ከሌለህ ዛሬውኑ ደውልልኝ፤ የእኔ 40 ሊትሩ ባዶ ነው፣ ሂተሩንም አውስሃለሁ።