ጎድዚላ የጭራቅ ፊልም ብቻ ነው ወይስ እውነት ስለ ኒውክሌር ነው? ብለህ ለጠየቅከው

ወንድሜ ጥያቄህን አይቼ ማለፍ አቃተኝ፣ እኔም ለስንት ዓመት ልክ እንዳንተ ነበር የማስበው። ልጅ እያለሁ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ያየሁት የ1998ቱን የአሜሪካኖቹን ነው፣ ትልቅ እንሽላሊት ኒውዮርክን ሲያተራምስ እየጮህን አይተን ወጣን፣ በቃ። ዋናውን ጥቁርና ነጩን የጃፓኑን ያየሁት ካደግኩ በኋላ ነው፣ ማታ ብቻዬን በስልኬ ሰብታይትል እያነበብኩ፣ ሲያልቅ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጭራቁን ፈርቼ ግን አይደለም።

አንድ ቦታ አለ፣ ከተማው እየነደደ አንዲት እናት ልጆቿን እቅፍ አድርጋ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ትንሽ ነው የቀረን አባታችሁ ጋ ልንሄድ ነው ትላቸዋለች። አባትየው ምን ሆኖ እንደሞተ ፊልሙ አይነግርህም። ግን በ1954 (እ.ኤ.አ. ነው) ሲኒማ ቤት ገብቶ ለሚያይ ጃፓናዊ ማን ያስረዳዋል? ቶኪዮ እኮ ማርች 1945 በአንድ ሌሊት በአሜሪካ ቦምብ ነዳ ወደ 100 ሺህ ሰው አልቋል፣ ኦገስት ላይ ደሞ ሂሮሺማና ናጋሳኪ። ከዛ ገና 9 ዓመቱ ነው። ባቡር ውስጥ አንዷ ሴትዮ ከናጋሳኪ በስንት መከራ ተርፌ አሁን ደሞ ይሄ መጣ ስትል ትሰማለህ፣ ሆስፒታሉ ጋ ደሞ አንዲት ሕፃን ላይ የጨረር መለኪያውን ሲያስጠጉት ይጮሃል፣ ሐኪሙ ዝም ብሎ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። እዛ ጋ አቁሜ ትንሽ ቆየሁ።

ብዙ ሰው ሂሮሺማን ብቻ ነው የሚያነሳው፣ እኔ ግን የዛው ዓመት ነገር ይበልጣል ባይ ነኝ። ማርች 1 1954 አሜሪካ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ቢኪኒ የሚባል ደሴት ጋ ሃይድሮጂን ቦምብ ሞከረች፣ ፍንዳታው ካሰቡት ከእጥፍ በላይ ሆኖ 15 ሜጋቶን (15 ሚሊዮን ቶን ፈንጂ ማለት ነው) ወጣ፣ ራቅ ብለው ቱና ሲያጠምዱ የነበሩ 23 ጃፓናውያን ላይ ጨረር ያለበት ነጭ አመድ እንደ በረዶ ዘነበባቸው። የጀልባዋ ስም ምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ ዕድለኛው ዘንዶ ቁጥር 5። ዓሳው ገበያ ገብቶ ሰዉ ዓሳ መብላት ፈራ፣ የጀልባዋ ሬዲዮ ኦፕሬተር ሴፕቴምበር ላይ ሞተ፣ ፊልሙ ኖቬምበር 3 ወጣ። ፊልሙ ላይም ጎድዚላን ከባሕር የሚያስነሳው እንዲህ ያለ የቦምብ ሙከራ ነው። እንግዲህ የፊልሙን መጀመሪያ እየው፣ መርከበኞች ሙዚቃ እየተጫወቱ ድንገት ባሕሩ ቦግ ይላል፣ መርከቧ በእሳት ትያያዛለች። ያን ቀን ሲኒማ ቤት የተቀመጠው ሰው ምን እንደተሰማው አስበው።

ዳይሬክተሩ ኢሺሮ ሆንዳ ራሱ ወታደር ነበር፣ ከቻይና ሲመለስ በሂሮሺማ አልፎ ፍርስራሹን በዓይኑ አይቷል። የጎድዚላ ቆዳ እንደዛ የተጎረባበጠው ከቦምቡ የተረፉ ሰዎች ገላ ላይ የቀረውን የቃጠሎ ጠባሳ እንዲመስል ነው። እኔ በልጅነቴ የአዞ ቆዳ ነበር የመሰለኝ።

የሚያናድደኝ አሜሪካኖቹ በ1956 ያወጡት ቅጂ ነው። አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ጨመሩበት፣ መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ፕሮፌሰር የኒውክሌር ሙከራው ካልቆመ ሌላ ጎድዚላ ይመጣል የሚለውን አወጡት፣ ፊልሙ የተሠራው እኮ ለዛች ንግግር ነው! የ1998ቱ ላይ ደሞ ጥፋቱን የፈረንሳይ የኒውክሌር ሙከራ ላይ ጣሉት።

ስለዚህ ከ1954ቱ ጀምር፣ የጃፓንኛው መሆኑን አረጋግጥ፣ 1 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ነው። ጭራቁን ተወውና ከታች የሚሮጡትን ሰዎች እይ፣ እናትየዋ ጋ ስትደርስ ደሞ እዚሁ ተመልሰህ ጻፍልኝ።