«እውነተኛ ትኋን» ያስኬዳል?

ጥያቄ፦ አንድ የሳይንስ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። የሚያወራው እ.ኤ.አ. በ1928 በአልጄሪያ የሆጋር ተራሮች በተደረገ ሳይንሳዊ ጉዞ ስለተገኙ ነፍሳት ነው። እንግሊዝኛው «ትሩ ባግስ» ይላቸዋል። እኔ ርእሱን «በሰሃራ ዘመቻ የተሰበሰቡ እውነተኛ ትኋኖች» አልኩት። ጓደኛዬን ግን አልጣመውም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እኔንም አልጣመኝም። «እውነተኛ» በአማርኛ ቀድሞ የሚያስታውሰን የማይዋሽ ሰው ነው። እንግሊዝኛው ቃሉን የጨመረው ቸግሮት ነው። «ባግ» ሲል ጥንዚዛውም ጉንዳኑም ይገባበታል፤ ስለዚህ ዋናዎቹን መለየት ነበረበት። እኛ ጋ ይህ ችግር የለም። ጥንዚዛ አይቶ ትኋን የሚል ሰው አላጋጠመኝም። «እውነተኛ» ይውጣ።

«ትኋን»ም ብቻውን አይበቃም። ትኋን ከዚህ ወገን ነው፤ ግን አንባቢ ቃሉን ሲያይ የሚመጣበት አልጋ ውስጥ ያለው ደም መጣጭ ነው። ከወገኑ የሚበዙት ደግሞ የእጽዋት ፈሳሽ የሚመጡ ናቸው። ገበሬው የሚያውቀው ክሽክሽ እንኳ፣ ስያሜው ሰፋ ሲል፣ እዚሁ ይመደባል።

የሳይንሱ ስም «ሄሚፕቴራ» ነው፤ በግሪክኛ ግማሽ ክንፍ ማለት ነው። አንዱን ቀረብ ብለው ቢያዩት ስሙ ከየት እንደመጣ ይገባዎታል። የፊተኛው ክንፍ ከትከሻው በኩል እንደ ቆዳ ጠንከር ያለ ነው፤ ጫፉ ግን እንደ ሽንኩርት ስስ ልጣጭ ብርሃን ያሳልፋል። አፉ መርፌ የመሰለ ነው፤ ሳይመጥ ሲቀር ከደረቱ ሥር አጥፎ ይይዘዋል። የትምህርት መጻሕፍታችን ነፍሳትን ከአካላቸው ሦስት ክፍል ተነሥተው «ሦስት አጽቄ» ብለዋል። በዚያው መንገድ «ገሚስ ክንፌ» ብንል ለጆሮም አይከብድም። ትኋን ራሱ የሚበርበት ክንፍ የለውም፤ ቢሆንም ስሙ የወገኑ ነው።

ይበልጥ ያሳሰበኝ «የተሰበሰቡ» ነው። በአማርኛ ሰው ሲሰበስባቸውም፣ ራሳቸው ሲሰባሰቡም «ተሰበሰቡ» ነው። «በሰሃራ የተሰበሰቡ ትኋኖች» ሲባል እኔ የታየኝ በረሃ ላይ የተከማቸ መንጋ ነው። «ነፍሳት» ቢያስገቡበት ደግሞ የሙታን ነፍስ ሊመስል ይችላል። «በ» ወደ «ከ» ሲለወጥ ግማሹ ብዥታ ይጠራል። «የተለቀሙ» ሲሉ ደግሞ ሁሉም ይጠራል፤ መልቀም እጅ ይፈልጋልና።

«ዘመቻ» ጦር ይሸታል፤ «የጥናት ጉዞ» ይበሉት። ቦታውንም በስሙ ይጥሩት። ሰሃራ ሰፊ ነው፤ ሆጋር ግን ታሃት የሚባለው ተራራው 2,900 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የድንጋይ አገር ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «እ.ኤ.አ. በ1928ቱ የጥናት ጉዞ ከሆጋር ተራሮች የተለቀሙ ገሚስ ክንፌ ነፍሳት»። መጀመሪያው አንቀጽ ላይ «የትኋን ወገን የሆኑ» የምትል ሐረግ ጣል ያድርጉ፤ አንባቢዎ ወዲያው ይይዘዋል።