«ልጄ እንግሊዝኛ ይችላል» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት

አሜሪካ ውስጥ ልጅ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ፣ ቤት ውስጥ ምን ቋንቋ እንደሚነገር የሚጠይቅ ቅጽ ይሞላል። ብዙ ወገኖቻችን እዚያ ላይ «እንግሊዝኛ» ብለው ያልፋሉ። አንዳንዱ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ያስፈራዋል። ቅጹ ስለ ፈቃድ አይጠይቅም። የመንግሥት ትምህርት ቤትም በዚህ ምክንያት ልጅ መመለስ እንደማይችል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 እ.ኤ.አ. ወስኗል። አብዛኛው ሰው ግን የሚፈራው ሌላ ነው፤ ሌላ ቋንቋ ከተጻፈ ልጁ ኢኤስኤል ወደሚባለው የእንግሊዝኛ ቋንቋ እገዛ ሊገባ ስለሚችል፣ «ኢኤስኤል ከገባ ከደካሞች ጋር ይደባልቁብኛል» ይላል።

እዚህ ቨርጂኒያ ለዓመታት በረዳት መምህርነት ስሠራ ያየሁት ከዚህ ይለያል። በብዙ ትምህርት ቤቶች የኢኤስኤል መምህሯ ራሷ መደበኛው ክፍል ገብታ ታግዛለች። እገዛው ምን እንደሚመስል በአንዲት ልጅ ላሳያችሁ።

7ኛ ክፍል፣ ሳይንስ። ልጅቷ ከደሴ ከመጣች ገና ወራት ነው። ጥያቄው «ጨለማ ውስጥ የከረመው ተክል ለምን ቢጫ ሆነ?» የሚል ነው። መልሱን አሳምራ ታውቀዋለች፤ እንግሊዝኛው ነው የያዛት። መምህሯ አንድ ወረቀት ሰጠቻት። ከላይ በሳጥን ውስጥ ብርሃን፣ ቅጠል፣ ክሎሮፊል የሚሉ ቃላት በእንግሊዝኛ ተደርድረዋል። ከሥር የተጀመሩ ዓረፍተ ነገሮች አሉ፤ «ተክሉ ቢጫ የሆነው … ስለሆነ ነው»፣ «ለዚህ ማስረጃዬ … ነው» ዓይነት። መጀመሪያ ከአንድ ሐበሻ ልጅ ጋር በአማርኛ ተወያዩበት። ቀጥላ አጠገቧ ለተቀመጠች ልጅ በእንግሊዝኛ ነገረቻት። ከዚያ ጻፈችው። መጨረሻ ላይ ለክፍሉ ተናገረች፤ ድምጿ ቢንቀጠቀጥም ጨረሰችው።

እናትዬዋ ወረቀቱን አይታ «መልሱን ጽፈው ነው እንዴ የሚሰጧት?» አለችኝ። አይደለም። የተሰጣት የዓረፍተ ነገሩ አጀማመር ነው፤ ባዶ ቦታው ላይ የሚገባውን ራሷ ማሰብ አለባት። ሳይንሱ ለማንም አልቀለለም። ደግሞም ይህ እገዛ እየቀነሰ መሄድ አለበት። በመስከረም የተሰጣት ወረቀት በሚያዝያም ሳይቀየር ካያችሁት፣ ያኔ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ሌላው የሚሸውደን የልጆቹ ወሬ ነው። በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ እንደ ፈረንጅ ልጅ ይንጣጣሉ። እኛም «በቃ፣ ቋንቋው ገባው» እንላለን። ጂም ከሚንስ የሚባሉት የካናዳ ምሁር ከ40 ዓመት በፊት እንዳሳዩት ግን፣ የጨዋታ ቋንቋ በዚያ ፍጥነት ቢመጣም የትምህርቱ ቋንቋ ከ5 እስከ 7 ዓመት ሊወስድ ይችላል። ልጁ በስልክ ሲቀልድ ሰምታችሁ እገዛውን እንዳታስቆሙ። ማስቆም መብታችሁ ነው፤ ፈርማችሁ ልታስወጡት ትችላላችሁ። ዓመታዊው የቋንቋ ፈተና ግን እስኪያልፈው ድረስ አይቀርለትም። ያለ እገዛ መፈተን ምን ይጠቅመዋል?

ስለ ፈተናው ካነሳን፣ በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድ፣ በዲሲ፣ በኮሎራዶና በሌሎች ብዙ ግዛቶች የሚሰጠው ዊዳ አክሰስ (WIDA ACCESS) የሚባለው ነው። ውጤቱ ከ1 እስከ 6 ነው። ቤት ሲላክላችሁ ድምሩን ብቻ አትዩ። ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ ለየብቻ ተቀምጠዋል። የእኛ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚጎተቱት በመናገርና በመጻፍ ነው። የመናገሩን ፈተና ማዳመጫና ማይክ አድርገው ለኮምፒውተር ነው የሚመልሱት። በሹክሹክታ «የስ» ብሎ ዝም ያለ ልጅ፣ ቢያውቅም ውጤት አያገኝም። ስልካችሁ ላይ ድምፁን እየቀዳ ይለማመድ። ጽሑፉ ደግሞ ከፍ ባሉት ክፍሎች በአብዛኛው በኪቦርድ ነው። ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ልጅ ሐሳብ ሳያጣ ፊደል ፍለጋ ጊዜው ያልቅበታል። ታይፒንግ አስለምዱት።

ዝምታን በተመለከተ ለመምህሩ አንድ ነገር ንገሩ። ልጆቻችንን ያሳደግናቸው ትልቅ ሰው ፊት ዓይናችሁን ስበሩ፣ ካልተጠየቃችሁ አትናገሩ ብለን ነው። እዚህ ያ ጨዋነት «አያውቅም» ወይም «አልተዘጋጀም» ተብሎ ይተረጎማል። «እጅ እስኪያወጣ አትጠብቁት፤ መጀመሪያ ከአንድ ልጅ ጋር ይለማመድና ከዚያ ጠይቁት» በሏቸው። አብዛኞቹ መምህራን ደስ ብሏቸው ያደርጉታል።

ቤት ውስጥ አማርኛችሁን አትተዉ። ከሥራ ስትመለሱ «ዛሬ በሳይንስ ምን ተማርክ? እስቲ በደንብ አስረዳኝ» በሉት፤ «ለምን?» እያላችሁም አፋጥጡት። በአማርኛ ምክንያት አስከትሎ ማስረዳት የለመደ ልጅ፣ ክፍል ሲገባ የሚቀረው እንግሊዝኛውን መፈለግ ነው። የእኛን የታክሲና የፓርኪንግ እንግሊዝኛ ማውረሱ ለማንም አይበጅም (ራሴንም ጨምሬ ነው)።

ስብሰባ ሲጠሯችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ነፃ ነው፤ ማቅረቡም በሕግ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። ቀኑ ሲነገራችሁ ወዲያው «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብላችሁ በኢሜይል ላኩ፤ በመጨረሻው ሰዓት ሰው ላይገኝ ይችላል። ልጁን እንዲያስተረጉም አታድርጉት። መምህሩ «የቤት ሥራ አያመጣም» ሲሉ እሱ «ጎበዝ ነው እያሉ ነው» ቢላችሁ፣ በምን ታውቃላችሁ?