ለአያትሽ አርባ ድግስ አቅም ከሌላችሁ

እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ። የአያትሽ አርባ መቃረቡን፣ ለድግስ አቅም እንደሌላችሁና የዘመድ ሐሜት እንዳስጨነቀሽ ጽፈሻል። እባክሽ፣ ለተዝካር ብላችሁ አትበደሩ! የተዝካር ዋናው ነገር ጸሎቱና ለነዳያን የሚሰጠው ነው። ጸሎቱ የሚደርሰው በክርስትና ስማቸው ስለሆነ ስሙን ለንስሐ አባታቸው በጊዜ አስታውሱ። ከቅዳሴው በኋላ አቅማችሁ የፈቀደውን እንጀራና ወጥ ለነዳያን ብትሰጡ ማንም አጎደላችሁ ሊል አይገባም። ደግሞም ሰማንያው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ ገና ናቸው።

እኔ አያቴ ይበልጥ የሚናፍቁኝ በከተራ ነው። ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ጉልበታቸው እያመማቸው እንኳ እልልታቸው ከሁሉም ቀድሞ ይሰማ ነበር። ያንን ድምፅ ሳንቀዳው መቅረታችን ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ለአርባው የሚሰበሰቡትን አዛውንት ስለ አያትሽ ልጅነት፣ ስለ ሠርጋቸው፣ ስላሳለፉት ክፉ ዘመን ጠይቂያቸው፤ አስፈቅደሽም በስልክሽ ቅጂ። እኅት ወይም የማኅበር ጓደኛ ካላቸው ከእርሳቸው ጀምሪ፤ ልጆች የማያውቁትን ብዙ ነገር ያውቃሉ።