የአባቴን ምንሽር ቀለም ቤቴ ባስለቅቅ እጠየቃለሁ?

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከደሴ፣ ከሰኞ ገበያ ነው። አባቴ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። አንድ ምንሽር ትተውልናል። ዝገት እንዳይበላው ብለው አረንጓዴ የበር ቀለም ደራርበው ቀብተውታል። አሁን ቀለሙ እየተላጠ አስቀያሚ ሆኗል። ብረት ብረቱን ፈትቼ ቤቴ ላጸዳው አስቤያለሁ። ኮምቦልቻ ብረት ሥራ ያለው ጓደኛዬ ደግሞ ‹አምጣው፣ በግራይንደር በአንድ ሰዓት እጨርስልሃለሁ› ይለኛል። ሕግ የሚከለክለው ነገር አለ?»

መልስ፦ ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይማር። በቀለሙ በኩል እንኳ አብሽሩ። ፈቃድ ያለው ሰው መሣሪያውን ቤቱ ቢወለውል፣ ዘይት ቢቀባ፣ የተላጠ ቀለም ቢያነሳ ወንጀል አልሠራም። እኔን ያሳሰበችኝ «ትተውልናል» የምትለዋ ቃል ናት።

ቤት ይወረሳል፣ በሬ ይወረሳል። የመሣሪያ ፈቃድ ግን አይወረስም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 826 ለወራሽ የሚተላለፈው በሟች ሞት የማይቋረጥ መብትና ግዴታ ነው ይላል። ፈቃድ ደግሞ ለሰውዬው የተሰጠ ነው፤ አባትዎ ሲያልፉ አብሮ አለፈ። ምንሽሩ እንደ ንብረት የወራሾች ሁሉ ሊሆን ይችላል። እጅዎ ላይ ለማቆየት ግን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በራስዎ ስም ፈቃድ እንዲኖርዎ ይጠይቃል። ዓመት ሊሞላ ነው ብለውኛል። እስካሁን ለፖሊስ ካላሳወቃችሁ ቀለሙን ለጊዜው ይርሱት።

ወደ ግራይንደሩ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና። ከአረንጓዴው ቀለም ሥር፣ ብረቱ ላይ የተመታ ቁጥር አለ። የፋብሪካ ምልክትም አብሮት ይኖራል። በአሮጌ ጠመንጃ ላይ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ አፈሙዙ የሚታሰርበት ወፍራም ብረት ላይ ነው፤ መቀርቀሪያው ላይም ሊደገም ይችላል። ስንት ዘመን በእጅ ሲታሽ ስለኖረ ሳስቷል። ግራይንደር አንዴ ካለፈበት አለቀ፣ መልሶ የሚጽፈው የለም። ብርጭቆ ወረቀትም ቀስ ይላል እንጂ ሥራው ያው ነው።

ፖሊስ መሣሪያን ከወረቀት ጋር የሚያመሳክረው በዚያ ቁጥር ነው። ኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ የፈረመችው የአነስተኛና ቀላል መሣሪያዎች ፕሮቶኮል፣ አገሮች ምልክት መፋቅንና መቀየርን በወንጀል እንዲቀጡ ያስገድዳል። ቁጥር የሌለው ምንሽር ያየ መርማሪ «ቀለም ሲያነሳ ነው» ብሎ አይጀምርም። «ከማን ተሰርቆ ነው?» ብሎ ነው የሚጀምር። አንድ ደንበኛ ነበረኝ፤ ወረቀቱ ሙሉ፣ ሰውዬውም ጨዋ። ጠመንጃውን አሳምሮ ፍቆ መስታወት አስመስሎታል። ቁጥሩም አብሮ ተፍቋል። ያ ወረቀት የዚያ ጠመንጃ መሆኑን ለማስረዳት ስንት ቀን እንደተመላለስን እኔ ነኝ የማውቀው።

ጓደኛዎን አመስግነው ይተውት። አዋጁ ፈቃድ የሚጠይቀው ለመያዝ ብቻ ሳይሆን ለመጠገንም ነው። በርና መስኮት ሲበይድ የሚውል ሰው የመሣሪያ ጥገና ፈቃድ ይኖረዋል ብዬ አልጠብቅም። መንገዱም አለ። ብረቱን በማዳበሪያ ጠቅልለው ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ኬላ ላይ ቢፈተሹ ምን ሊሉ ነው? «የተፈታ ነው» ማለት አያድንም፤ የመሣሪያ ክፍልም ቁጥጥር ሥር ነው።

እንግዲህ የሚያደርጉት ይህን ነው። የአባትዎን ፈቃድ ይፈልጉ። በ2014ቱ ጦርነት ደሴ ላይ የስንቱ ሰነድ እንደጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። ጠፍቶ ከሆነ ጠፋ ብለው ይናገሩ። የሞት ማስረጃ ይያዙ፤ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያውጡ። ሌሎች ወራሾች ካሉ፣ መሣሪያው በእርስዎ ስም እንዲሆን መስማማታቸውን በጽሑፍ ይፈርሙልዎ። ከዚያ ፖሊስ ዘንድ ባዶ እጅዎን ይሂዱ። ምንሽሩን አንግበው እንዳይሄዱ! መቼና እንዴት እንደሚቀርብ እነሱ ይንገሩዎ። ቁጥሩ በቀለም እንደተሸፈነም ቀድመው ራስዎ ይናገሩ፤ ሲያዩት ከሚያገኙት ከእርስዎ አፍ ቢሰሙት ይሻላል። አስረክቡ ከተባሉ ደግሞ የተረከቡበትን ወረቀት ሳይቀበሉ አይውጡ።

ፈቃዱ በስምዎ ከወጣ በኋላ ቀለሙን ያንሱ። እኔ የሕግ ሰው ነኝ፤ የሰማሁትን ላካፍልዎ። ባዶ መሆኑን ሁለቴ አይተው ያረጋግጡ። የመኪና ቀለም የሚያነሱበትን ሪሙቨር ቀብቶ ማቆየት፣ ሲያብጥ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መጥረግ፣ ከዚያ ወዲያው ማድረቅና ዘይት መቀባት ነው። የደሴ እርጥበት እርቃን ብረት አይምርም። በእሳት አያቃጥሉት፤ የሞቀ ብረት ጥንካሬው ይበላሻል፣ ጭሱም መርዝ ነው። አሮጌ ቀለም ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት (እርሳስ) ሊኖርበት ይችላል። በደንብ ቁጥር 429/2010 በቀለም ውስጥ ያለው የሊድ መጠን በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) የተገደበው ገና በቅርቡ ነው፤ የአባትዎ ቆርቆሮ ከዚያ በፊት የተገዛ ሳይሆን አይቀርም። ሥራውን ደጅ ይሥሩት፣ ጓንት ያድርጉ፣ ልጆችን ያርቁ፣ ልጣጩን ሰብስበው ያስወግዱ።

ቁጥሩ ብቅ ሲል ደግሞ ፈቃዱ ላይ ከተጻፈው ጋር አኃዝ በአኃዝ ያስተያዩት። አንዷ እንኳ ከተለየች ብሩሹን ያስቀምጡና ወደ ጠበቃ ይሂዱ።